ሙሽራዋ ያልገባችበት ተጎታች ቤት

በእኛ በሰሜን አዮዋ ሰው ሲቀና አይታወቅበትም። ቅናቱን ፓይ በሚሉት የፍራፍሬ ኬክ ውስጥ ጋግሮ ለጎረቤት ይልካል እንጂ። ላቮንና አርዲስ የእህትማማች ልጆች ናቸው። ታላቂቱ አርዲስ ገና በልጅነቷ ሎይድ የሚባል የማዕድን ሠራተኛ አግብታ ወደ ኒው ሜክሲኮ ሄደች። ላቮን መርልን አግብታ ካደገችበት የበቆሎ እርሻ ሦስት አጥር ብቻ ራቅ ብላ ቀረች። ሎይድ ሲሞት አርዲስ የባሏ ወንድም ቤት በአንዲት ክፍል ተጠጋች። የዚያ ቤት ስልክ ያለው ወጥ ቤት ነው፤ የቤቱ እመቤት ኮሪን ደግሞ ስልክ በተነሣ ቁጥር ሳህን ማጠቧን ታቆማለች፣ እንዲሰማት። ስለዚህ ሁለቱ በደብዳቤ ነበር የሚገናኙት። ደብዳቤዎቹን ያገኘሁት ከሁለቱም ነው። እያንዳንዷ «ፍረጂኝ፤ ጥፋተኛዋ እሷ አይደለችም?» ብላ ሰጠችኝ።

ሲልቨር ሲቲ፣ ኒው ሜክሲኮ
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1991

ለውድ እህቴ ለላቮን፣

ሰላምና ጤና ከነቤትሽ ይብዛልሽ። የመርል ጉልበት እንዴት ሰነበተ? እኔ ጌታ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድብሽም፤ ቤት ፈልጊልኝ። መሠረትና ምሰሶ ያለውን አይደለም የምልሽ፣ ጎማ ያለውን ነው። ኮሪን እናቷን አምጥታ እኔ ክፍል ልታስገባ ነው። ልቀቂ አላለችኝም፤ ግን አልጋዬን በሜትር ስትለካ ደርሼባታለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ጥድ ሥር ተጎታች ቤቶች የሚቆሙበት ግቢ አለ። ባለቤቷ ሚስስ ባካ «ቢሮዬንና የልብስ ማጠቢያውን ክፍል ከያዝሽልኝ አንዱ ቦታ ያንቺ ነው፤ ቤቱን ግን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ትጠብቀኛለች፤ ከዚያ ለሌላ ትሰጠዋለች። እዚህ አገር የሚገኘው አሮጌ ተጎታች ወይ ፀሐይ በልቶታል፣ ወይ ዶሮ አድሮበታል።

የጎረቤታችን የሃልቮር ተጎታች ግን ትዝ ይልሻል? ሚርትልን አግብቶ ካሊፎርኒያ ሊወስዳት አዲስ ገዝቶ፣ እሷ ባለ መድኃኒት ቤቱን አግብታ፣ እሱ ተጎታቹን ጋጣ ውስጥ የዘጋበት? እኛ በሳንቃው ቀዳዳ እያጮለቅን «እኔ ነኝ የምገባበት» «የለም፣ እኔ ነኝ» ተባብለን ተጣልተን ፀጉሬን ነጭተሽኛል። እስካሁን አለ? ጠይቂልኝ፣ በእናቶቻችን።

አርዲስ

ዴኮራ፣ አዮዋ
ማርች 17 ቀን 1991

ለእታለሜ ለአርዲስ፣

ጌታ በጎ በጎውን ያሰማን። ደህና ነን። የመርል ጉልበት ከዝናብ ቀድሞ ወሬ ይነግረናል፤ ሬዲዮውን ከዘጋነው ቆየን።

ሃልቮር ዘንድ በባዶ እጅ አይኬድም፤ የፖም ፓይ ይዤ ሄድኩ። በላና፣ አፉን ጠረገና፣ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

«ተጎታቹን።»

«ለማን?»

«ለአርዲስ።»

«ለረጅሟ?»

«አዎ፣ ለረጅሟ።»

«እሷ እኮ ሄዳለች» አለኝ። የሄደ ሰው ቤት ምን ያደርግለታል ማለቱ ነው። ከዚያ ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደ። «ውሰጂው። እሑድ እሑድ ፓይ አትርሺ፤ ስለ ሚርትል ደግሞ እኔ ፊት አንድ ቃል እንዳትናገሪ» አለ።

እታለሜ፣ ብዙ ተስፋ አታድርጊ። አይጥ ልጅ ከልጅ ልጅ አሳድጎበታል። የጋጣው ጣሪያ በአንድ በኩል ስለሚያፈስ መስኮቱ ሥር ወለሉ በስብሷል፤ ኮምፔንሳቶው ሻይ ውስጥ እንደወደቀ ብስኩት ነው። ቆርቆሮው ደብዝዟል፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ ተኝተዋል። ምንም የሚያስደስት ነገር የለውም። ብቻ አንቺ ካልሽ እዚያው ጋጣ ውስጥ እንሞክረዋለን። መርል ማጎንበስ ስለማይሆንለት ከወገብ በላይ ያለውን እሱ ይሥራ፤ ከሥር እኔ እገባለሁ።

ላቮን

ሲልቨር ሲቲ
ኤፕሪል 7 ቀን 1991

ላቮንዬ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ፣

ደብዳቤሽን መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆልፌ አነበብኩት። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ኮሪን በሩን መታችና «ውሃው ይፈሳል እንዴ?» አለችኝ። አሁን ወተቱ ላይ ስሟን ጽፋበታለች፤ ቅቤውም ላይ። ጨዋታ አይደለም። እኔ እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ቅቤ እሰርቃለሁ።

ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ልኬልሻለሁ፤ ቁልቋል ያለበት ቢጫ ነው። ስፊልኝ፤ እጅሽ ከእጄ ይሻላል። ደግሞ ሁሉንም ጻፊልኝ፤ ግድግዳው ምን ይመስላል? ምድጃው የት ጋ ነው? ስተኛ እግሬ ይዘረጋል? አንቺ ሦስት መስኮት ካለው ወጥ ቤትሽ ሆነሽ ስታነቢው ይህ የልጅ ጥያቄ ይመስልሻል። አንድ ነገር ልንገርሽ? ያንን ወጥ ቤትሽን በሕልሜ አየዋለሁ። ቲማቲሙ መስኮቱ ላይ ተደርድሯል፣ ፎጣው ተሰቅሏል፣ እኔ ምድጃው ጋ ቆሜያለሁ። አንቺ የለሽበትም።

መርልን ሳሚልኝ፤ ጉልበቱን አደራ።

አርዲስ

ዴኮራ
ጁን 2 ቀን 1991

ለእታለሜ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ፣

መዘግየቴ ከንቀት አይደለም። መጀመሪያ የዘር ጊዜ ሆነ፤ ቀጥሎ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የእናቶች ቀን ራት ነበረና የድንች ካሰሮል ለአርባ ሰው እንዲበቃ የጋገርኩት እኔ ነኝ። ጨርቁ ደርሷል። ፀሐይ ያደበዝዘዋል ብዬ ፈራሁና ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። መርል ከውጭ ቆርቆሮውን ገልጦ የበሰበሰውን ሊለውጥ አስቦ ነበር፤ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሲታገል ዋለና ካቻቢቴውን ወርውሮ ወጣ። እኔ ከሥር ተኝቼ ሳይ ነው የገባኝ። የድሮዎቹ ሠራተኞች መጀመሪያ አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ወለሉ ላይ ተክለው፣ ግድግዳውን በዚያ ላይ አቁመው፣ ቆርቆሮውን በመጨረሻ እንደ ካፖርት አልብሰውታል። ስለዚህ ካፖርቱን ማውለቅ ግድ ነው። አወለቅነው። ቪቴዎቹን እንዳይደባለቁ በየወጡበት ተራ እንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። የበሰበሰውን ሞራሌ አውጥተን በአዲስ ተካን፤ መስኮቶቹን በሲሊኮን ሳይሆን እንደ ሊጥ በሚለጠፍ ማስቲሽ አሸግናቸው። የውስጡን እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቬርኒሹን ደጋግሜ ስቀባው ማር መሰለ። ጠዋት ፀሐይ በጋጣው ስንጥቅ ሲገባበት ብታይ…

ክፉ አይደለም።

ትናንት ዝናብ ስለያዘኝ ምሳዬን እዚያው በላሁ።

ላቮን

አርዲስ፣ መርል ነኝ። ይህን የምጨምረው ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ ስለሆንኩ ነው። ዝናብ የሚባል አልዘነበም። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ በቆሎው ሊሞትብኝ ነው። እኔም ምሳዬን ብቻዬን ነው የምበላው።

ሲልቨር ሲቲ
ጁን 15 ቀን 1991

ላቮን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ድካምሽን እግዜር ይቁጠርልሽ፤ ስለ ሞራሌውም፣ ስለ ማስቲሹም ምስጋናዬ ከልቤ ነው።

ግን «ክፉ አይደለም» ብለሻል።

እኔ እኮ ሩቅ ብሆንም እዚያው ነው ያደግኩት። በእኛ መንደር «ክፉ አይደለም» ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? መንታ ወንድሞችሽ በተወለዱ ጊዜ አባትሽ ከሆስፒታል ወጥቶ ምን አለ? «ክፉ አይደሉም» አለ፤ ከዚያ አጥር ይዞ አለቀሰ። መርልን በጭፈራው ለት ያየሽው ጊዜ መንገድ ላይ ቀስ ብለሽ በጆሮዬ ምን አልሽኝ? ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ካንቺ አፍ ሰምቼው አላውቅም። የእኔን ሎይድ ስታይው እንኳ «ቁመናው ደህና ነው» ነበር ያልሽው።

ምሳም በልተሻል። ሰው ምሳ የሚበላው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ተገጥሟል። ሳትነግሪኝ። ጨርቄ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ፀሐይ ፈርቶ ተቀምጧል።

አልተቆጣሁም። ቤቱ የማን እንደሆነ ማስታወሴ ብቻ ነው።

አርዲስ

ዴኮራ
ኦገስት 4 ቀን 1991

ለአርዲስ፣

ጤና ይስጥልኝ። በጤና አለን።

ደስ የማይል ወሬ አለኝ። ተጎታቹ አይወጣም። መርል አዲስ ጎማ አስገጠመለት፤ ኩሽኔታውንም ግራሶ ቀባው። ቤቱ ተኝቶበት ከኖረው መሬት ከፍ ብሎ ቆመና ጣሪያው ከጋጣው በር መቃን በሦስት ጣት በለጠ። መቃኑን ሃልቮር አያስነካም፤ ጋጣውን አያቱ ናቸው የሠሩት። በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ምናልባት፣ ካልሆነም ለመጪው ጸደይ እናስብበታለን። ሚስስ ባካ ጥሩ ሴት ከሆነች ትጠብቅሻለች።

ደግሞ ስለ «ክፉ አይደለም» የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። አንቺ እኮ ሁሌም እንዲህ ነሽ። አንቺ ስትሄጂ ተራራ አየሽ፣ በረሃ አየሽ፣ ከሎይድ ጋር ባሕር ድረስ ወርዳችሁ የላካችሁልኝ ፖስት ካርድ እስከ ዛሬ ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፏል፤ በሩን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ። እኔ የት ሄድኩ? ሦስት አጥር። ሦስት መስኮት ትያለሽ፤ በሦስቱም የሚታየው በቆሎ ነው። እዚያች ቤት ውስጥ ስቀመጥ ግን፣ ጋጣ ውስጥም ሆና፣ የምትሄድ ይመስለኛል። እናንተ ለሄዳችሁት ሰዎች ይህ ምንም አይደለም። ሁሉ ነገር ላንቺ እየደረሰሽ የኖረ ነው፤ አሁን ይኼም?

ላቮን

ሲልቨር ሲቲ
ኦገስት 11 ቀን 1991

ላቮን፣

ጤናሽን አልጠይቅም፤ እጅሽ ሲጽፍ እንደማይንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

አባትሽ ገለባ የጫነ መኪናውን በባቡር ድልድዩ ሥር እንዴት ነበር የሚያሳልፈው? ጎማውን አስተንፍሶ! ከወዲያ ማዶ በእጅ ፓምፕ ተራ በተራ የምንነፋው እኔና አንቺ አልነበርንም? አንቺ አምስት ነፍተሽ «ደከመኝ» ትዪ ነበር፤ የቀረውን እኔ ነበርኩ የምጨርሰው። ስለዚህ «አይወጣም» አትበይኝ። «አላወጣውም» በይኝ፤ እሱን እረዳለሁ።

ሁሉ ላንቺ ደረሰሽ ትያለሽ። ሎይድ የማዕድኑን ብናኝ ሳምባው ውስጥ ይዞ ስንት ክረምት እንደሳለ ፖስት ካርዱ ላይ አልጻፍኩትም። እኔ ከአንድ ቤት የማልፈናቀል፣ ባሌ «ሰው ጠፋብኝ» ብሎ ደብዳቤዬ ግርጌ የሚያሳጣኝ ሴት ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። አዎ፣ እቀናለሁ። ስቀናብሽ ሃያ ምናምን ዓመቴ ነው፤ አሁን ነው የነገርኩሽ።

የኮሪን እናት ሻንጣዋ መጥቷል፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሚስስ ባካ ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አግኝታለች፤ የመጀመሪያው የሴፕቴምበር እሑድ ቤቴ እዚያ ካልቆመ ለእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደምገባ አላውቅም። እንግዲህ ያንቺ ፈንታ ነው።

አርዲስ

ቱኩምካሪ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ከመንገድ ዳር
ኦገስት 30 ቀን 1991

ለእታለሜ፣

የምጽፍልሽ ከጠረጴዛሽ ላይ ነው። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እኔ ቀድሜው ደርሻለሁ። ቢሆንም በፖስታ እልከዋለሁ፤ ፊትሽ ቆሜ የማልናገረው ነገር ስላለበት።

ወጣ። ጎማውን ያስተነፈሰው ሃልቮር ራሱ ነው። ሁለት ጊዜ «ቆይ፣ እኔ ልሞክር» አለኝና በዚያ ወገቡ ቁጢጥ ብሎ በክብሪት እንጨት ቫልቩን ተጭኖ ያዘው። ፉ…ስ እያለ ቤቱ ዝቅ አለ። መርል በትራክተር ቀስ አድርጎ ጎተተው፤ በጣሪያውና በመቃኑ መካከል የፓይ መቁረጫ ቢላ እንኳ አይገባም ነበር። ፀሐይ ሲያገኘው የወለወልኩት ቆርቆሮ አንጸባርቆ አላሳይ አለን። ለካ እንዲህ ያለ ነገር ነው እዚያ ውስጥ የነበረው። ሃልቮር ቆቡን አወለቀ። «ክፉ አይደለም» አለና ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

መርል «ማን ይነዳዋል?» አለኝ።

«እኔ።»

«አንቺ እኮ ከላ ክሮስ ከተማ አልፈሽ አታውቂም!»

«ታዲያ ማለፊያዬ ነዋ።»

«እኔስ ምን እበላለሁ?»

«የለመድከውን። ምሳህን ብቻህን።»

መጀመሪያ ቀን እጄ ከመሪው አልላቀቅ አለኝ። ካንሳስ ላይ ንፋሱ እንደ ሰካራም ያንገዳግደን ጀመር። ከዚያ ለመድኩት። በመኪናው የኋላ መስታወት ሳየው ይከተለኛል፤ ስዞር ይዞራል። እዚያው ካንሳስ ነዳጅ ስቀዳ አንዲት ሴትዮ መጥታ «ማየት ይቻላል?» አለችኝ። አስገባኋት። «እንዴት ያለ ቤት ነው ያለሽ!» አለች። የእኔ አይደለም አላልኳትም። እናም ይህንን ነው ፊትሽ የማልናገረው፤ የእኔ አይደለም ማለት አቃተኝ። አመሰግናለሁ አልኩ፣ መጋረጃውን ነካካሁላት፣ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አሳየኋት።

ነገ ከመምሸቱ በፊት እደርሳለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን የእኔ ነው። አሁን ጫማዬን አውልቄ እግሬን ወንበሩ ላይ ልሰቅል ነው።

ላቮን

ሲልቨር ሲቲ፣ ከጥዱ ሥር
ኦክቶበር 13 ቀን 1991

ለእህት ዓለሜ ለላቮን፣

ቤትሽ በሰላም መግባትሽን መርል ጽፎልኛል። «ሰውነቷ መጥቷል፣ ዓይኗ ግን መንገድ ላይ ነው» ይላል። በጸሎቴ አለሽ።

ከሁለት ቀን በላይ አልቆይም አልሽ። ደህና ዋይ ተባብለን ባዶውን መኪና ይዘሽ ስትወጪ ከኋላሽ በመስታወት ስታዪ አይቼሻለሁ። እኔን መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩ። የቱኩምካሪው ደብዳቤሽ በማግሥቱ ደረሰ፤ ያኔ ነው ማንን ስታዪ እንደነበር የገባኝ።

አሁን እኔ ልናገር። ጠረጴዛው ጉልበቴን ይመታኛል። የመጀመሪያውን ቁርሴን የበላሁት እግሬን ወደ ጎን አጣጥፌ፣ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠች እመቤት ሆኜ ነው። ምድጃው ጋ ስቆም ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ አጎነብሳለሁ። መስታወቱ የሚያሳየኝ አገጬን ነው። ላቮን፣ ሃልቮር እንኳ «ረጅሟ» ብሎ የሚጠራኝን ሴት ቁመት ረሳሁ አትዪኝም። ይህ ቤት የተለካው ለማን እንደሆነ በየቀኑ በጉልበቴ አነባለሁ።

መጋረጃውንም አይቼዋለሁ። ቁልቋሌ ወደ ውጭ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። በስተውስጥ ግን ቀይ ቼሪ ያለበት ያንቺ ጨርቅ ገበር ሆኖ ተሰፍቷል፤ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የሚያየኝ እሱ ነው። ለሰው የእኔ፣ ለቤት ያንቺ! ስፌቱ የት እንደተገናኘ ፈልጌ አጣሁት፤ ይህም አናደደኝ።

ጎረቤቶቼ ይመጣሉ፣ በር ላይ ቆመው አፋቸውን ይይዛሉ። «እንዴት ያምራል!» ይሉኛል። «ክፉ አይደለም» እላቸዋለሁ። እዚህ አገር ቃሉን ስለማያውቁት የከፋኝ መስሏቸው ያጽናኑኛል። ሚስስ ባካ አረንጓዴ ቃሪያ ጠብሳ ይዛልኝ መጣች። ቅቤዬ ላይ የማንም ስም የለበትም። ይህንን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይህንን አልክድም።

ግን ቤቱ ሲመጣ ሚስስ ባካ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጋለታለች። ቤቴ ከእንግዲህ አይሄድም። እኔ ስኖርበት ቆሞ ነው፤ ሲሄድ ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሃልቮር አላየው፣ ሚርትል አላየችው፣ እኔም አላየሁት። ያ ሁሉ ካንሳስ፣ ያ ስትዞሪ የሚዞረው፣ ሁሉ ያንቺ ሆኖ ቀረ። ሌሊት ንፋስ ሲነቀንቀኝ «ላቮን ይህን በስንት ፍጥነት ቀመሰችው?» እላለሁ። አሁንም ቀናሁብሽ፤ በገዛ ቤቴ ውስጥ ተኝቼ!

የቤት ጫማሽን አልጋው ሥር ረስተሻል። ረስተሽ ከሆነ። እንዳለ ነው፤ በመጥረጊያ ዙሪያውን እጠርጋለሁ እንጂ አላነሣውም።

ለጠረጴዛው እግር መቀጠያ የሚሆን ሞራሌ ከሚስስ ባካ ለምኛለሁ፤ መጋዝም አበድራኛለች። ሁለቱንም ከጫማሽ አጠገብ አስቀምጫቸዋለሁ። መርልን ይዘሽ ነይ፣ ወይም ምሳውን ብቻውን ይብላ። እስከ ፋሲካ ካልመጣሽ ጠረጴዛውን ከፍ አደርገዋለሁ።

አርዲስ